የአንድ ብልቃጥ እኩሌታ

የሱዳኗ ገዳሪፍ በኸሪፍ ቀስ ብላ ነው የምትነቃው። ኸሪፍ የዝናቡ ወራት ነው። ሌሊቱን ሲጥል ካደረ መኪናው ሁሉ ዋልካው ውስጥ ተቀርቅሮ ይውላል፤ ከማሽላው ማሳ የሚነሣው ጉም ሜዳውን ይውጠውና ከትልቁ የእህል ጎተራ አናቱ ብቻ ይታያል። የዚያን ዘመን ጠዋቶች ሳስታውስ ራሴን የማገኘው ሁልጊዜ እዚያ ጉም ውስጥ ነው፤ ሁለት መርፌ ይዤ፣ በፈረሰው የሣር አጥር በኩል ከግቢያችን ወደ ጎረቤታችን ግቢ ስሻገር። እውን ይሁን ሕልም አንዳንዴ ይምታታብኛል። እግሬ ላይ የሚጣበቀው ጭቃ ግን እውን ነበር፤ ጫማዬን ስንት ጊዜ ውጦብኛል።

አንደኛው መርፌ የእናቴ ነበር፣ ሁለተኛው የጎረቤታችን። ሁለቱም ሱከሪ ነበረባቸው፤ የስኳር በሽታን በአገሩ ቋንቋ እንዲያ ነው የሚሉት። እናቴ ስትጠራው እንደ ሰው ነበር። "ሱከሪዬ ዛሬ ተነሥቶበታል፣ አታናግሩኝ" ትላለች። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከመከር እስከ በጋ መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሰሊጥ አበጥራለሁ። በኸሪፍ ግን ሥራ የለም፣ መንገዱም ይዘጋል፣ የእናቴን መድኃኒት ከገበያ መግዛትም ያኔ ያበቃል። በዚያ ላይ በገበያ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሙቀት የመታው ነው። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ፍሪጅ የለንም። ብልቃጧን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን፣ በትንሽ ገንቦ አድርገን፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር እንሰቅላታለን።

ስለ ጎረቤታችን አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። በዕድሜ ከእናቴ ትበልጣለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጇ ፋው ከተማ አስተማሪ የሆነላት ሱዳናዊት ናት። ኻልቲ እላታለሁ፣ አክስቴ ማለት ነው። የምንነጋገረው በዓረብኛ ነው፣ በዓረብኛ ደግሞ ‘አንቱ’ የሚባል ነገር የለም። ስለ እሷ በአማርኛ ሳወራ፣ እንዳሳደጉን ‘አሉ’ ልበላት ብዬ ሞክሬ አውቃለሁ፤ ወዲያው የማላውቃት ሴትዮ ትሆንብኛለች። ስለዚህ ‘አለች’ እላታለሁ። ስድ ናት የሚለኝ ካለ ይበለኝ።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በአንድ ቃል ነው። እናቴ በሽታው በተገኘባት ዓመት ሐኪሙ መርፌውን በየቀኑ፣ ዕድሜ ልኳን እንድትወጋ አዘዘላት። ወረቀቱን ይዛ ወደ መድኃኒት መስኮቱ ብትሄድ፣ ከውስጥ የተቀመጠችው ልጅ "ታሚን አለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። የእናቴ ዓረብኛ የገበያ ዓረብኛ ነው፤ ሽንኩርትና ዘይት ላይ ማንም አይረታትም፣ ከዚያ ያለፈውን ግን የምትሰማው በአማርኛ ጆሮዋ ነበር። ‘ታሚን’ ስትባል ‘መታመን’ን ሰማች። መንገድ ላይ ያገኘቻቸውን ሴቶች ጠየቀች፤ "አዎ፣ ታሚን ላለው ሰው መድኃኒቱ ይሰጠዋል፣ ቢሮ ሄዶ ማውጣት ነው" አሏት። በቃ፣ ነገሩ በራላት። እዚህ አገር መድኃኒት የሚሰጠው ለታመነ ሰው ነው፤ መታመኑም በቢሮ ይረጋገጣል። ምንም አልገረማትም፣ እንዲያውም ደስ አላት። እራት ላይ "እንዲህ ነው እንጂ መንግሥት!" ስትል ትዝ ይለኛል። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

በሳምንቱ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። "ለማስተርጎም ተከተይኝ" አለችኝ እንጂ ሌላ አልነገረችኝም። ከቢሮው በር ላይ ሦስት ሰዎች ይጠብቁናል፤ አንዱ ከጎንደር የመጡ ሙስሊም ባለሱቅ፣ ሁለተኛው አንድ አረጋዊ ቄስ፣ ሦስተኛዋ ኻልቲ። ባለሱቁ ነጭ ጀለቢያቸውን አስተኩሰው ለብሰዋል። ቄሱ ጭቃውን ፈርተው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ሰርግ የምንሄድ ነበር የምንመስለው።

ኃላፊው ጉንጩ የሞላ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል ሰው ነበር። አምስት ሆነን ስንገባበት ብዕሩን አስቀመጠ።

"እነዚህ እነማን ናቸው?" አለ።

"ምስክሮቼ ናቸው" አለች እናቴ በዚያው ዓረብኛዋ። ከዚያ ደረቷን መታ አድርጋ "አና ማ ከዳባ፣ ወላሂ!" ብላ ጨመረችለት። ውሸታም አይደለሁም ማለቷ ነው።

ባለሱቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ይህች ሴት የረሱትን ቦርሳ ሦስት ቀን አፈላልጋ እንደመለሰችላቸው ይመሰክሩ ጀመር። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ሰውየው አንዴ እናቴን፣ አንዴ መስቀሉን ያያል። ያኔ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ "እማዬ፣ ታሚን እኮ ሌላ ነገር ነው" ብላት "ዝም በይ፣ ምስክር አይቋረጥም" አለችኝ።

ኃላፊው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሻይ አዘዘልን፣ ቄሱን ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ ለእናቴ ቀስ ብሎ ያስረዳት ጀመር፣ እኔም ተረጎምኩ። ታሚን ማለት ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፤ ጤነኛው ባዋጣው የታመመው ይታከማል፤ ነገ ደግሞ ጤነኛው ሲታመም በተራው ይታከማል። እናቴ ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ በራ።

"ይሄማ እድር ነው!" አለች። "ታዲያ ምን ያስቸግራል? እኔም አዋጣለሁ።"

"ጅንሲያ?" አለ ሰውየው። የዜግነት ወረቀት ማለቱ ነው።

እኛ ያለን የስደተኛ ወረቀት ነበር፣ ዝናብ የጠጣ፣ በማጠፊያው የተበጣጠሰ። ወዲያና ወዲህ አገላብጦ አየው። "ማዓሌሽ፣ ያ ኡሚ" አለ፤ ይቅርታ እናቴ። የደነገጠውም፣ ያፈረውም እሱ ይመስል ነበር። እናቴ ወደኔ ዞረች፦ "እዚህ አገር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ትንኟ ስትነክሰኝ ‘አገርሽ የት ነው’ ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች? እስቲ ንገሪው።" አልነገርኩትም። ሻይ ያጠጣንን ሰው በምን አፌ? "አመሰግናለሁ ብላሃለች" አልኩት። ያቺን ቅጥፈቴን ዛሬ ሳስባት ትንሽ ነገር አልነበረችም። ቢሰማው ምናልባት አንድ ነገር ይነካው ነበር፤ ባይነካውም መስማት ነበረበት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ይህንን ስነግረው አልሳቀም። የዓረብኛው ታሚንና የኛ መታመን ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው አለኝ። ስለዚህ እናቴ ብዙም አልሳተችም። ቃሉን የዘነጋው ቢሮው ነው።

ስንመለስ ባለሱቁና ቄሱ ወደየቤታቸው ሄዱ። ኻልቲ ከእኛ ጋር ጭቃውን ትረግጣለች። እሷ ታሚን ነበራት፣ በልጇ በኩል። በየወሩ አንድ ብልቃጥ ይሰጧታል፤ ሐኪሟ ያዘዘላት በቀን ሠላሳ መስመር ነው፣ መርፌው ላይ እንደተሰመረው ማለት ነው፣ ብልቃጧም ለወሩ ልክ ናት። ከፈረሰው አጥር ጋ ስንደርስ ቆመች።

"በኸሪፍ የኔን እንካፈላለን" አለች። "አሥራ አምስት ለኔ፣ አሥራ አምስት ላንቺ። ሰሊጡ ሲደርስ የራስሽን ትገዣለሽ።"

እናቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። "አይሆንም። የመንግሥት ነው፣ ሌብነት ነው። ዛሬ ሦስት ምስክር አቁሜ ምዬ የለ?"

"መንግሥት ለኔ ሰጠኝ። እጄ ከገባ በኋላ የማካፍልሽ ከመንግሥት ሆድ አይደለም፣ ከገዛ ደሜ ነው። ስሚ፣ አያቴ መካ እሄዳለሁ ብሎ ከምዕራብ አፍሪካ በእግሩ መጥቶ እዚህ ስንቅ አለቀበት። በዚያው ቀረ። አንድ ሰው ስሙን መዝገብ ላይ ጻፈለት፤ ስለዚህ እኔ ጅንሲያ አለኝ። አንቺን የሚጽፍሽ ስላልተገኘ ትሙች?"

እናቴ "ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ሲሉ በምሳሌ መስሎኝ" ብላ እያለቀሰች ሳቀች።

መወጋቱን እኔ ያዝኩ። ኻልቲ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር ወርዶባት የመርፌውን መስመር መለየት ካቆመች ቆይታ ነበር። እናቴ ደግሞ መርፌ ስታይ ፊቷን ታዞራለች፤ የጦር አውሮፕላን አልፎባት የመጣች ሴት መርፌ ትፈራለች። አንዲት ነርስ አሳየችኝ፦ መርፌው ለየብቻ፣ ውኃ ማፍላት፣ አየሩን ማስወጣት፣ የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ፣ ቀስ ብሎ መግፋት። ጠዋት ሳይበሉ እደርስላቸዋለሁ። የኻልቲ ጎጆ አናት ላይ በየዓመቱ ዝናቡን ይዘው የሚመጡ ሽመላዎች ይሰፍራሉ፤ ስገባ መንቁራቸውን ያንቀጫቅጫሉ። ጉሙ ደጁ ድረስ ገብቷል። እሷ ከጸሎቷ ተነሥታ አንጋሬቧ ላይ፣ ያ በገመድ የተጠለፈው አልጋ ላይ፣ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። "ቢስሚላ" ትልና ልብሷን ገለጥ ታደርጋለች። እናቴ ከአጥሩ ማዶ "ዛሬ ማን አለቀሰ?" ብላ ትጮኻለች፤ ኻልቲም "እኔስ ዝም ብያለሁ፣ ያንቺ ተራ ነው ሐበሺያ!" ትላታለች። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው ነገር ሁሉ ለስላሳ ነበር፤ ድምፁም፣ ብርሃኑም። አንዳንዴ ይህ ሁሉ አንድ ረጅም ጠዋት ይመስለኛል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ቀን እናቴን ልወጋት ስቀርብ ቀና ብላ አየችኝና "እህቴ፣ መቼ መጣሽ?" አለችኝ። እህቷ ስንሰደድ በመንገድ የሞተችባት ናት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ሌሊቱን አሥር ጊዜ ውኃ ጠጥታለች። "እማዬ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። "አውቄሻለሁ" አለች፣ ግን ያወቀችው ያችኛዋን ነበር። አሥራ አምስት የሳብኩትን መልሼ አስገባሁና አሥራ ስምንት ሳብኩ። ለዛሬ ብቻ፣ አልኩ። በአጥሩ ተሻግሬ ለኻልቲ አሥራ ሁለት ወጋኋት። "አላህ እጅሽን ይባርክ" አለችኝ።

በማግስቱም አሥራ ስምንት ሆነ፣ በሦስተኛውም ቀን። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? እናቴ ተመለሰች። ሳቋ ተመለሰ፣ ስሜን መጥራት ጀመረች፣ ሽሮዋን ራሷ ታማስላለች። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ሬዲዮ ላይ ስለ እኩልነት የሚያወሩትን እየሰማሁ እራገም ነበር። ወረቀት ያለውንና የሌለውን የሚለዩትን፣ መስኮት ላይ ተቀምጠው "አለሽ? የለሽም?" የሚሉትን፣ ያንን ደግ ሰውዬ ጭምር። የምራገመው ከልቤ ነበር። በዚያች አገር እኩል ይካፈል የተባለ አንድ ነገር እጄ ላይ ወድቆ ነበር፤ የሚያየኝ አልነበረም፣ የሚቆጣጠረኝ ቢሮ አልነበረም፣ መስመሩም መርፌው ላይ ቁልጭ ብሎ ተሰምሯል። አልተካፈለም። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ያ ኸሪፍ በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ወራት አንዱ መሆኑ ነው።

ኻልቲ በዶካ መንገድ በኩል ትንሽ የማሽላ መሬት ነበራት። ዓይኗ ቢደክምም ለአረም ትሄዳለች፣ ማንም አያስቀራትም። አንድ ቀን ስትመለስ እግሯን ላጥብላት ብዬ ጭቃውን ሳነሣ ውስጥ እግሯ ላይ የግራር እሾህ ተሰብሮ ቀርቷል። አልተሰማትም። "የቱ ጋ ነው?" እያለች በእጇ ትፈልገዋለች። አወጣሁላት፣ በጨው ውኃ አጠብኳት። በሳምንቱ ዙሪያው ጠቆረ። "ማዓሌሽ፣ ይድናል" ትላለች። ሌላ ሳምንት አለፈ፤ ጠረኑ መጣ፤ ሽቶ እየቀባች ትደብቀኝ ጀመር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ ስለ እንዲህ ያለው ይመስለኝ ነበር። የደበቅኩትስ እኔ አይደለሁም? የዚያን ዕለት እንኳ ወደ አሥራ አምስት መመለስ እችል ነበር። አስቤዋለሁ። መርፌውን ይዤ አጥሩ መሀል ቆሜ አስቤዋለሁ። ከዚያ እናቴ "እህቴ" ያለችኝ ድምፅ መጣብኝና አለፍኩ።

በኸሪፍ የሚንቀሳቀሰው ትራክተር ብቻ ነው። በትራክተር ተሳቢ ላይ ፍራሽ አንጥፈን፣ እናቴ በራስጌ እኔ በግርጌ ይዘን ኻልቲን ሆስፒታል አደረስናት። ወጣት ሐኪም ነበር። ስኳሯን ለክቶ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየው።

"ሐጃ፣ መርፌ ስንት ነው የምትወስጅው?"

"ሠላሳ" አለች ኻልቲ። "በየቀኑ። አንድም ቀን አልዘለልኩም።"

"ሠላሳ የሚወስድ ሰው እዚህ አይደርስም።" ወደኔ ዞረ። "አንቺ ነሽ የምትወጊያት? ሠላሳ ነው?"

ኻልቲ እጄን ያዘች፣ አጥብቃ። እውነቱ ከወጣ የታሚን ካርዷን ይነጥቋታል፣ እናቴም ያለ ምንም ትቀራለች፤ እሷ የያዘችኝ ለዚያ ነበር። እኔ ግን የፈራሁት ከእኩሌታውም የጎደለው እንዳይታወቅ ነው።

"ሠላሳ ነው" አልኩ።

ሐኪሙ መድኃኒቱ ሙቀት መትቶት ይሆናል ብሎ ደመደመ። አዲስ ብልቃጥ አዘዘ፣ ሙሉውን ይወጓት ጀመር፣ ግን ዘግይቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ከጉልበቷ በታች ቆረጧት። ለመቁረጡ፣ ለአልጋው፣ ለማደንዘዣው ታሚኑ ሙሉ ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም ምንም አላጎደለባትም።

አስታማሚ ሆና የገባችው እናቴ ናት። እዚያ ሆስፒታል ሕመምተኛን የሚያበላው አስታማሚው ነው፤ ቀትር ላይ ከየቤቱ ትሪ ይመጣል፣ ሴቶቹ ትሪዎቹን መሬት ላይ ያገጣጥሙና የመጣለትም ያልመጣለትም አብሮ ይበላል። "ካርድ አለሽ?" የሚል የለም። እናቴ የኛን ምግብ ከነሱ ጋር ቀላቅላ ስታጎርስ ከሩቅ አያት ነበር። እዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳለ ነው አንዲት ነርስ ለጓደኛዋ "ይህች እኮ ለወራት ግማሽ እንኳ አልወሰደችም" ስትል የሰማችው። ዓረብኛው የገበያ ባይሆንም ያንን ተረዳችው።

ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አገኘኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

"እግሯን በላሁት" አለች። "ልጄ፣ የሰው እግር በላሁ።"

‘እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም’ ማለት ነበረብኝ። ‘እሷ እኩሌታዋን ሰጥታሽ ነበር፣ ከእኩሌታዋ የሰረቅኩት እኔ ነኝ’ ማለት ነበረብኝ። ጀርባዋን ብቻ አሻሸሁ። በዚያው ቀን በልጆቿ፣ በሞቱትም በእኔም ማለች፤ ከኻልቲ ብልቃጥ አንዲት መስመር ወደ ሰውነቷ እንዳይገባ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። ሰሊጡ ደርሶ ሥራ እስኪጀመርና ከገበያ እስክንገዛ ድረስ ሰባት ሳምንት ያለ ምንም ቆየች። ቀሚሷ ሁሉ ሰፋት። እየደጋገመች "እህቴ" ትለኝ ነበር። እኔም በኋላ በኋላ "አቤት" እላት ጀመር።

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረች። ያረፈችው በበጋ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ደረቅ ሆኖ፣ ሰማዩ አንድ ደመና ሳይኖርበት። ለቅሶው ላይ ከዶካም ከባሱንዳም ሰው መጣ። ኻልቲ ሦስቱንም ቀን በምርኩዟ እየመጣች ከጎኔ ተቀመጠች፤ እንደኛ ሴቶች ደረቷን እየደቃች፣ በዓረብኛ አለቀሰችላት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ ሁለታችን ፍራሹ ላይ ቀረን። ደክሞኝ ነበር፣ ሳልተኛ የምተኛ ይመስለኛል፣ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ ይመጣል። እናቴ ስለሌለች የምፈራው ሰው አልነበረም። ነገርኳት። አሥራ ስምንትና አሥራ ሁለት፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ሁሉንም።

"አውቃለሁ" አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

"ዓይኔ ነው እንጂ ሥጋዬ አልታወረም። ስንት ዓመት የተወጋሁ ሰው ነኝ። ሠላሳ ሲገባ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ አሥራ አምስትም ምን ያህል እንደሚቆይ አውቃለሁ። ያንቺ ‘ቢስሚላ’ ብዬ ሳልጨርስ ያልቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ብናገር እናትሽ ትሰማለች። ከሰማች ደግሞ ሁሉንም ትተዋለች፤ በኋላ አየሻት አይደል? ሦስት መስመር ላስመልስ ብዬ ሴትዮዋን ልግደላት?"

እጇ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። አምስት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከላዬ የወረደ መስሎኝ፣ ይቅር የተባልኩ መስሎኝ እጇን ሳምኩት። እሷ ግን እጇን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣችው።

"አልጨረስኩም" አለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖርበት እመርጥ ነበር። "ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። ሦስት አይደለም፣ አምስትም እሰጥሽ ነበር። አጥሩ ፈርሷል፣ በየጠዋቱ ፊት ለፊቴ ትቀመጫለሽ፤ አንድ ቀን ‘ኻልቲ፣ እናቴ ብሶባታል’ ማለት አቃተሽ። ብትይኝ ኖሮ እግሬን የሰጠሁት እኔ እሆን ነበር። አሁን ግን የተወሰደብኝ ነው።"

ከዚያ "መሸ፣ አንሺኝ" አለች። ምርኩዟን አቀበልኳት፣ በሌላው እጇ ትከሻዬን ያዘች። ቀላል ሴት ነበረች፤ ያም ሆኖ ደጇ እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ቆመን አረፍን።